የተዘጋው ቀፎ፦ ስልክን ሳይጎዱ መክፈት ከጥገና ቤት አልፎ የመብት ጥያቄ ሆኗል

በኦማን ዋና ከተማ ሙስካት፣ በዐለታማ ተራሮችና በባሕር መካከል የምትገኘው ሲዳብ ከጥንት ጀምሮ በዓሣ አስጋሪዎቿ የምትታወቅ መንደር ናት። በዚህች መንደርም ሆነ በሌሎቹ የሙስካት ሰፈሮች፣ ከአገሩ ርቆ ለሚኖርና ለሚሠራ ኢትዮጵያዊ ተንቀሳቃሽ ስልክ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። የእናት ድምፅ በኢሞ የሚሰማው፣ ለቤተሰብ የተላከ ገንዘብ ማረጋገጫ የሚደርሰው፣ የባንክ የይለፍ ቁጥር የሚመጣው፣ የፓስፖርትና የሥራ ውል ፎቶግራፍ የሚቀመጠው፣ ችግር ሲያጋጥምም የድረሱልኝ ጥሪ የሚተላለፈው በዚያው በአንዱ ቀፎ ነው።

የዚህ ቀፎ ባትሪ ሲያብጥ፣ ስክሪኑ ሲሰነጠቅ ወይም የቻርጀር መሰኪያው በባሕር አየር ሲዝግ የመጀመሪያው እንቅፋት የብልሽቱ ክብደት አይደለም። እንቅፋቱ ዕቃው እንዴት ይከፈታል የሚለው ነው። ባትሪው ራሱ በቀላሉ የሚለወጥ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ባትሪው ለመድረስ በሚደረገው ትግል መስታወቱ ይሰበራል፣ ቀጭን የውስጥ ሽቦ ይበጠሳል፣ አንዳንዴም እሳት ይነሳል። በዚህ ምክንያት የመክፈቻ መሣሪያ ጉዳይ ከጥገና ባለሙያው ጠረጴዛ ተነሥቶ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በብራሰልስ፣ በዋሽንግተንና በኒው ዴልሂ የሕግና የፖሊሲ መነጋገሪያ ሆኗል። የክርክሩ ፍሬ ነገር አጭር ነው፦ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ዕቃ መክፈት የማይችል ሰው የዕቃው ሙሉ ባለቤት ነው ወይ?

ክዳኑ በጥፍር ይከፈት ከነበረበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ የቀረበውን ኖኪያ 3310 የያዘ ሰው ስልኩን ለመክፈት መሣሪያ አላስፈለገውም። የኋላ ክዳኑን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያነሣል፣ ባትሪውን በጥፍሩ ያወጣል፣ ሌላ ይተካል። ስልኩ ወድቆ ክዳኑና ባትሪው ቢበታተኑ እንኳን ሰብስቦ መግጠም የማንም ሰው ሥራ ነበር።

ይህ አሠራር የተለወጠው ደረጃ በደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን ባትሪው በተጠቃሚው እጅ የማይለወጥ ሆኖ ቀረበ። ቀጥሎም አፕል ኩባንያ በኮምፒውተሮቹ ላይ፣ ከዚያም በአይፎን 4 ላይ፣ ራሱ ባለ አምስት ቅጠል የሆነ ብሎን መጠቀም ጀመረ። ለዚህ ብሎን የሚሆን ካቻቪቴ በወቅቱ በተራ የመሣሪያ መደብር አይገኝም ነበር። ሳምሰንግም ለዓመታት በጥፍር የሚከፈት ክዳን ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በጋላክሲ ኤስ 6 ጀርባውን በሙጫ የተጣበቀ መስታወት አደረገው። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ዘመናዊ ስልኮች ይህንኑ መንገድ የተከተሉ ናቸው።

አምራቾች ለዚህ የሚያቀርቡት ምክንያት ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም። በሙጫ የተዘጋ ስልክ ቀጭን ይሆናል፣ አቧራና ውኃን ይቋቋማል፣ የውስጥ ቦታም ይቆጥባል። ነገር ግን ውኃን መቋቋምና በቀላሉ መከፈት አብረው የማይሄዱ ነገሮች እንዳልሆኑ የኩባንያዎቹ የራሳቸው ምርት ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጋላክሲ ኤስ 5 ክዳኑ በጥፍር የሚነሣ፣ ባትሪው በእጅ የሚለወጥ ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ሜትር ጥልቀት ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየት የሚያስችለውን አይ ፒ 67 የተባለውን የመከላከያ ደረጃ አሟልቶ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ለአገሪቱ ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት፣ አምራቾች ጥገናን ለመገደብ የሚሰጧቸውን ምክንያቶች የሚደግፍ ማስረጃ እምብዛም እንዳላገኘ አስታውቋል።

መሣሪያው ምን ይሠራል?

ስልክን ሳይጎዱ ለመክፈት የሚያገለግሉት መሣሪያዎች ውስብስብ አይደሉም። ዋናው ቁም ነገር እያንዳንዱ መሣሪያ የተሠራበትን ምክንያት ማወቅና ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው።

የመጀመሪያው ካቻቪቴ ነው። በተራ የቤት ዕቃ ላይ የሚታወቀው ባለ መስቀል ብሎን እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ሲሆን፣ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ የሆነው ቶርክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 የተፈለሰፈ ነው። በስልኮች ላይ ከእነዚህ በተጨማሪ ባለ አምስት ቅጠልና ባለ ሦስት ክንፍ ብሎኖች ይገኛሉ። የማይገጥም ካቻቪቴ በጉልበት ሲዞር የብሎኑ ራስ ይላጣል፤ ከተላጠ በኋላ ደግሞ ትክክለኛው መሣሪያ ቢመጣም አይዝም። ሌላው በብዛት የሚታለፍ ጉዳይ የብሎኖቹ ርዝመት ነው። በአንድ ስልክ ውስጥ ያሉ ብሎኖች በዓይን የማይለዩ የሚሊ ሜትር ክፋይ ልዩነት አላቸው። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቀዳዳ ሲገባ ከሥሩ ያለውን የወረዳ ሰሌዳ ሊበሳና ስልኩን እስከ መጨረሻው ሊያበላሽ ይችላል። ጥንቁቅ ባለሙያ የፈታቸውን ብሎኖች እንደ አወጣጣቸው ቅደም ተከተል በመግነጢሳዊ ምንጣፍ ወይም በተሣለ ወረቀት ላይ የሚደረድረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ክዳንን ከአካል ጋር ያያያዘው ሙጫ የሚለሰልሰው ሲሞቅ ነው። ለዚህ የሚመረጠው እኩል የሚያሞቅ ጠፍጣፋ ማሞቂያ ወይም የሞቀ ከረጢት ሲሆን፣ የሚፈለገውም እጅ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሊታገሠው የሚችል መጠነኛ ሙቀት ነው። የብየዳ ሥራ የሚሠራበት የሞቀ አየር መንፊያ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚደርስ፣ በአንድ ቦታ ላይ ከቆየ ስክሪኑን ያቃጥላል፤ ከክዳኑ ሥር ያለውን ባትሪም ለአደጋ ያጋልጣል።

ሦስተኛው የመምጠጫ ጎማ ነው። ጎማው መስታወቱን ይዞ በዝግታ ሲጎተት በጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክፍተት ይፈጠራል። በዚያ ክፍተት የሚገባው አራተኛው መሣሪያ ነው፤ ይኸውም የጊታር መምቻ የመሰለ ስስ የፕላስቲክ ቁራጭ ወይም ከጠንካራ ናይለን የተሠራ ጠፍጣፋ መፈልቀቂያ ነው። ፕላስቲክ የሚመረጠው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ መስታወቱንና ብረቱን አይጭርም፤ ከመጠን በላይ ሲጫኑትም ከዕቃው በፊት እርሱ ይታጠፋል። ስለት ያለው ብረት ግን ሁለት የወረዳ ነጥቦችን ሊያገናኝ፣ ሪባን የመሰለውን የውስጥ ሽቦ ሊቆርጥ፣ ከሁሉም በላይ ባትሪውን ሊወጋ ይችላል። መፈልቀቂያው ጠልቆ እንዳይገባም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከጠርዙ ጥቂት ሚሊ ሜትር አለፍ ብሎ የስክሪን፣ የካሜራና የጣት አሻራ ማንበቢያ ሽቦዎች ሊኖሩ ይችላሉና።

ስልኩ የሚከፈትበት አቅጣጫም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። አንዳንዱ ከፊት በስክሪኑ በኩል፣ አንዳንዱ ከኋላ በክዳኑ በኩል ይከፈታል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 በአይፎን 14 የኋላ መስታወቱ ለብቻው እንዲነሣ አድርጎ የውስጥ አቀማመጡን ለውጧል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በአይፎን 16 ሞዴሎች የባትሪው ሙጫ በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲለቅ አደረገ፤ ተራ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ለአጭር ጊዜ ሲገናኝ ሙጫው በራሱ ይለቃል። ይህም ኩባንያዎች ከፈለጉ የሚከፈት ዕቃ መሥራት እንደማያቅታቸው የሚያሳይ ነው።

ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ በወረንጦና በፕላስቲክ መፈልቀቂያ የባትሪውን መሰኪያ ማላቀቅ ነው። ሌላ ማንኛውም ክፍል የሚነካው ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ መሆን አለበት። የመጨረሻው ሥራ ደግሞ አሮጌውን ሙጫ በአልኮል አጽድቶ ለዚያ ሞዴል የተዘጋጀ አዲስ ማጣበቂያ መግጠም ነው። አዲስ ማጣበቂያ ሳይገጠምለት የተዘጋ ስልክ ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ውኃ የመከላከል ችሎታው ግን አብሮት የለም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአበው ብሂል በዚህ ሙያ ውስጥ በየዕለቱ የሚታይ እውነት ነው።

ሙቀት፣ ጨውና ባትሪ

የሙስካት የአየር ጠባይ ጉዳዩን ይበልጥ ያከብደዋል። በዚሁ በሙስካት ግዛት በምትገኘው የቁርያት ከተማ እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ከአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በላይ የሙቀት መጠኑ ከ42.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሳይወርድ መቆየቱ ተመዝግቧል። አፕል ስልኮቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው የአካባቢ ሙቀት ውስጥ እንዲሠሩ ይመክራል። የባሕረ ሰላጤው በጋ ለወራት ከዚህ ወሰን በላይ ይውላል።

የሊቲየም አዮን ባትሪ በተደጋጋሚ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ኬሚካል ቶሎ ያረጃል፣ ጋዝ ይፈጥራል፣ ያብጣል። ያበጠ ባትሪ ክዳኑን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሙጫው ይለቃል፤ በዚያ ክፍተት ደግሞ እርጥበትና ጨው ያዘለ የባሕር አየር ይገባል። እንደ ሲዳብ ባሉ የባሕር ዳርቻ ሰፈሮች የቻርጀር መሰኪያ አረንጓዴ ዝገት የሚያወጣው፣ ድምፅ ማጉያውም የሚያፍነው በዚህ መንገድ ነው።

ያበጠ ባትሪ ያለውን ስልክ መጫን፣ በጥርስ ወይም በቢላ ለመፈልቀቅ መሞከር፣ ባትሪውን በመርፌ ወግቶ ለማስተንፈስ መሞከር እጅግ አደገኛ ነው። የተወጋ ባትሪ በውስጡ ያሉት ሁለቱ ዋልታዎች ሲነካኩ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን በራሱ የሚያባብስ ሙቀት ይፈጥራል፤ የሚወጣው ጭስም መርዛማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7ን ከዓለም ገበያ ለመሰብሰብና ምርቱን ለማቋረጥ የተገደደው የባትሪ ጉድለት ባስከተለው የእሳት አደጋ እንደነበር አይዘነጋም። ያበጠ ስልክ ሊደረግለት የሚገባው ኃይሉን ማጥፋት፣ ቻርጅ አለማድረግ፣ ከሚቃጠል ነገር ማራቅና ትክክለኛ መሣሪያ ላለው ባለሙያ ማድረስ ነው።

ሕጉ ወዴት እያመራ ነው?

በዚህ ጉዳይ ግንባር ቀደሙ የአውሮፓ ኅብረት ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ስልክን ጨምሮ በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ከ10 የሚታሰብ «የመጠገን ነጥብ» እንዲለጠፍ አስገድዳለች። ነጥቡ ከሚሰጥባቸው መመዘኛዎች አንዱ ዕቃው በስንት ደረጃና በምን ዓይነት መሣሪያ ይፈታል የሚለው ነው። በዚህ መሠረት ገዥው ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የመጠገን ዕድሉንም በመደብሩ መደርደሪያ ላይ ማየት ችሏል።

ኅብረቱ ራሱ ባወጣውና ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነው የስማርት ስልኮችና ታብሌቶች ደንብ፣ አምራቾች አንድን ሞዴል መሸጥ ካቆሙ በኋላ ቢያንስ ለ7 ዓመታት ዋና ዋና መለዋወጫዎችን እንዲያቀርቡ ተገድደዋል። ባትሪውም 800 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ከመጀመሪያ አቅሙ ቢያንስ 80 በመቶውን ይዞ እንዲገኝ ይጠበቃል። በሌላ በኩል የኅብረቱ የባትሪ ደንብ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ በተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ውስጥ ያሉ ባትሪዎች በተጠቃሚው እጅ የሚወጡ እንዲሆኑ ያዝዛል። የደንቡ አነጋገር በቀጥታ መሣሪያን የሚመለከት ነው፦ ባትሪውን ለማውጣት በገበያ ላይ የሚገኝ ተራ መሣሪያ በቂ መሆን አለበት፤ ልዩ መሣሪያ የሚያስፈልግ ከሆነም ከዕቃው ጋር በነፃ ይሰጥ፤ ሙቀት ወይም ማሟሚያ ኬሚካል የግድ መሆን የለበትም። ስልኮችን በተመለከተ ግን የተለየ አማራጭ ተትቷል፤ ባትሪያቸው 1 ሺህ ጊዜ ተሞልቶ 80 በመቶ አቅሙን ከያዘና ዕቃው ውኃን ከተቋቋመ አምራቹ ባትሪውን ለባለሙያ ብቻ የሚከፈት አድርጎ ሊያቆየው ይችላል። አምራቾች ይህን ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚጠቀሙበት የሚቀጥሉት ዓመታት ያሳያሉ።

በአሜሪካ ደግሞ ኒው ዮርክ፣ ሚኒሶታና ካሊፎርኒያ አምራቾች መለዋወጫ፣ መመሪያና መሣሪያ ለነፃ ጠጋኞችና ለባለቤቶች እንዲያቀርቡ የሚያስገድዱ ሕጎችን አውጥተዋል። ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ አንድ እርምጃ አልፋ ሄዳለች። አምራቹ አንድን መለዋወጫ ከአንድ ስልክ ጋር በሶፍትዌር አቆራኝቶ፣ በሌላ ሰው ሲለወጥ ሥራውን እንዲቀንስ ማድረጉን ከልክላለች። ይህም መታየት ያለበት ነጥብ ነው፤ ክዳኑ በቀላሉ ቢከፈትም የሶፍትዌር ቁልፉ ከተዘጋ ጥገናው ግቡን አይመታም።

ኩባንያዎች ለግፊቱ የሰጡት ምላሽ ሁልጊዜ ተጠቃሚውን ያሰበ አልነበረም። አፕል እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2022 ባለቤቶች ስልካቸውን ራሳቸው እንዲጠግኑ በአሜሪካ አገልግሎት ሲጀምር፣ በ49 ዶላር ለአንድ ሳምንት የሚከራየው የመሣሪያ ስብስብ በሁለት ሻንጣ የሚላክ፣ በድምሩ 36 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ነበር። አንዲት ትንሽ ባትሪ ለመለወጥ ይህን ያህል ጭነት ማስፈለጉ ብዙዎችን አስገርሟል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመሠረተው የኔዘርላንዱ ፌርፎን በአንድ ተራ ካቻቪቴ የሚፈታ፣ ባትሪው በእጅ የሚወጣ ስልክ እያመረተ ይሸጣል። ከሁለቱ የትኛው የወደፊቱ መንገድ እንደሚሆን የሚወስነው የቴክኖሎጂ አቅም ሳይሆን የገበያና የሕግ ግፊት ነው።

እነዚህ ሕጎች በኦማንም ሆነ በኢትዮጵያ ላይ አስገዳጅነት የላቸውም። ሆኖም ስልክ ዓለም አቀፍ ዕቃ ነው። አንድ አምራች ለአውሮፓ ገበያ ብሎ የባትሪውን አቀማመጥ ከቀየረ፣ ለባሕረ ሰላጤው ሌላ ቀፎ መሥራት አያዋጣውም። ስለዚህ በብራሰልስ የሚጸድቅ አንቀጽ ውሎ አድሮ በማትራህና በሩዊ መደብሮች መስኮት ላይ መታየቱ አይቀርም። ኒው ዴልሂም እ.ኤ.አ. በ2022 የመጠገን መብትን የሚመለከት የመንግሥት የመረጃ መድረክ ከፍታለች። በሙስካት የጥገና ቤቶች የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎች ከደቡብ እስያ የመጡ በመሆናቸው፣ በዚያ የሚደረገው ለውጥ በእውቀትም ሆነ በመለዋወጫ አቅርቦት ወደዚህ መድረሱ የሚጠበቅ ነው።

የሠራተኛዋ ስልክ፣ የሠራተኛዋ ምስጢር

በኦማን በንጉሣዊ ድንጋጌ ቁጥር 66/2014 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና ስለሚያገኘው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ደረሰኝ የመቀበል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ ሸማችን በዜግነት አይለይም። አቤቱታ የሚቀበለውም የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ይሁን እንጂ መብቱ በተግባር የሚሠራው ማስረጃ ሲኖር ነው። ደረሰኝ ሳይቀበል፣ ምን እንደተለወጠና ለምን ያህል ጊዜ ዋስትና እንደተሰጠው ሳይጻፍለት ስልኩን ያስጠገነ ሰው፣ በማግሥቱ ስክሪኑ ሲጠፋ የሚይዘው ነገር አይኖረውም።

በቤት ሠራተኝነት ለተሰማሩ እህቶች ችግሩ ይበረታል። ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን የሌላት ወይም ከቤት ለመውጣት ፈቃድ የሚያስፈልጋት ሠራተኛ ስልኳን ወደ ጥገና ቤት የምትልከው በሌላ ሰው እጅ ነው። ባለሙያውን አትጠይቅም፣ ሥራውን አታይም፣ ብዙ ጊዜም የይለፍ ቁጥሯን ጽፋ ትሰጣለች። ስልኳ በጥገና ላይ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ ከቤተሰቧም ሆነ ከሚረዳት ሰው ጋር ያላት ግንኙነት ይቋረጣል።

የይለፍ ቁጥሩን መስጠት ራሱን የቻለ አደጋ ነው። በካናዳ የጌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሆን ብለው ያዘጋጇቸውን ኮምፒውተሮች ለ16 የጥገና ቤቶች ሰጥተው ባደረጉት ጥናት፣ አንዳንድ ባለሙያዎች ለሥራው የማያስፈልጋቸውን የግል ፎቶግራፍና ሰነድ እንደሚከፍቱ፣ ከእነዚህም መካከል ወደ ሌላ ማስቀመጫ የገለበጡ እንደነበሩ ደርሰውበታል። ድርጊቱ የታየው በሀብታም አገር፣ የሕግ ጥበቃው ጠንካራ በሆነበት ስፍራ ነው። ባትሪ ወይም የቻርጀር መሰኪያ ለመለወጥ የይለፍ ቁጥር የግድ እንዳልሆነ ማወቅ በዚህ ረገድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ስልኩ መብራቱንና ቻርጅ መቀበሉን ተቆልፎም ማየት ይቻላልና። ሙሉ ፍተሻ የሚያስፈልግ ከሆነም ሳምሰንግ «የጥገና ሁነታ» የተሰኘውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2022፣ ጉግል ተመሳሳዩን በ2023 መጨረሻ በፒክሰል ስልኮቹ ላይ አቅርበዋል። ይህ ሁነታ ሲበራ ባለሙያው ስልኩን መፈተሽ ይችላል፤ ፎቶግራፉን፣ መልእክቱንና የባንክ መተግበሪያውን ግን ማየት አይችልም።

ከሙስካት እስከ ምናለሽ ተራ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የተገዛ ስልክ ዕድሜው በዚያው አያልቅም። አዲስ ሲገዛ አሮጌው በሻንጣ ተጠቅልሎ ወደ ኢትዮጵያ ይጓዛል፤ በወሎ፣ በጅማ ወይም በአርሲ ለእህት ወይም ለወንድም ይሰጣል። ሁለተኛው ባለቤት የሚያገኘው ያረጀ ባትሪ ያለው ስልክ ነው። ያ ስልክ ለተጨማሪ ዓመታት ማገልገሉ ወይም መሳቢያ ውስጥ መቅረቱ የሚወሰነው ክዳኑን ሳይሰብር የሚከፍት ባለሙያና ሞዴሉ የሚፈልገው መሣሪያ በአቅራቢያው በመገኘታቸው ነው።

ኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እንግዳ አይደለችም። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰብሳቢ የሚያመጣው አሮጌ ዕቃ በመርካቶው ምናለሽ ተራ ተፈትቶ፣ ተጠርቶ፣ ሌላ ዕቃ ሆኖ ለገበያ ይወጣል። «ተጣለ» የሚባል ነገር በዚያ ገበያ እምብዛም አይታወቅም። ቴክኖ የተሰኘውን ስልክ የሚያመርተው የቻይናው ትራንሽን ኩባንያም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ ስልክ ሲገጣጥም ቆይቷል። መፍታትና መግጠም የሚችል እጅ አገሪቱ አላት ማለት ነው። ነገር ግን በሙጫ የታሸገ ዘመናዊ ስልክ በመዶሻና በመሰርሰሪያ እንደሚፈታው ብረት አይደለም፤ የተለየ ሥልጠናና የተለየ መሣሪያ ይጠይቃል።

የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረጉት ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 ብቻ በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የተፈጠረ ሲሆን፣ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። በአፍሪካ ይህ መጠን ከ1 በመቶ በታች ነው። ኢትዮጵያ ዘርፉን የሚገዛ ደንብ ቁጥር 425/2010ን በሚኒስትሮች ምክር ቤት አውጥታለች። ደንቡ የሚመለከተው አያያዝንና አወጋገድን ነው። ከዚያ በፊት ያለው እርከን፣ ማለትም ዕቃው ቆሻሻ ከመሆኑ በፊት እንዲጠገን ማድረግ፣ ቢያንስ እኩል ትኩረት ይገባዋል። የተጠገነ ስልክ መሰብሰብም ማቃጠልም አያስፈልገውም፤ ለቤተሰቡም የአንድ አዲስ ስልክ ወጪ ያስቀራል።

ለዚህ የሚበጀው መንገድ ሩቅ አይደለም። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የስልክ ጥገናን ከነመሣሪያውና ከነባትሪ ደኅንነቱ ቢያስተምሩ፣ ከውጭ የሚመለሱ ዜጎች በአነስተኛ ካፒታል ሊጀምሩት የሚችሉት ሙያ ይፈጠራል። የመክፈቻ መሣሪያዎች ስብስብ ዋጋ ከአንድ መካከለኛ ስልክ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ስልክ አስመጪዎችም ከሚያስመጡት ሞዴል ጋር መለዋወጫና የጥገና መመሪያ እንዲያቀርቡ ቢጠየቁ፣ አውሮፓውያን በብዙ ክርክር ያገኙትን መብት ኢትዮጵያዊው ገዥ በአስመጪው በኩል ሊያገኘው ይችላል።

ምን ይጠበቃል?

ሕግ እስኪሟላ ድረስ ባለቤቱ በእጁ ያለው ኃይል ጥያቄ ነው። ስልክ ከመግዛቱ በፊት ባትሪው እንዴት እንደሚለወጥና መለዋወጫው በአካባቢው መኖሩን መጠየቅ፣ ስልኩን ለጥገና ሲሰጥ ክዳኑ በምን እንደሚከፈትና አዲስ ማጣበቂያ እንደሚገጠምለት ማረጋገጥ፣ ሥራው በሚታይ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራበትን ቤት መምረጥ፣ የተለወጠው ክፍልና የዋስትናው ጊዜ የተጻፈበትን ደረሰኝ መያዝ ተገቢ ነው። ከዚያ በፊት የፓስፖርቱን፣ የሥራ ውሉንና የቤተሰብ ስልክ ቁጥሮችን ቅጂ በሌላ ስፍራ ማስቀመጥ፣ ቁልፍ የሆኑትን ቁጥሮችም በወረቀት ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ጥያቄውን ሰምቶ የሚመልስ ባለሙያ ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ በቢላ ጫፍ ክዳን ለመፈልቀቅ የሚጣደፍ ግን ከመጀመሪያው ንክኪ በፊት ስልኩን መልሶ መቀበል ይሻላል።

የመክፈቻ መሣሪያ በራሱ ትንሽ ነገር ነው። አንድ ካቻቪቴ፣ አንድ የመምጠጫ ጎማ፣ አንድ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። ይሁን እንጂ ከአገሩ ርቆ በስልኩ የሚኖር ሠራተኛ ንብረቱ፣ ምስጢሩና ከቤተሰቡ ጋር ያለው ግንኙነት የሚጠበቁት ወይም የሚጠፉት በዚያ መሣሪያ አጠቃቀም ነው። አምራቹ ሊከፈት የሚችል ዕቃ እንዲሠራ፣ ሕግ አውጪው እንዲያስገድደው፣ ጠጋኙ እንዲሠለጥን፣ ባለቤቱም እንዲጠይቅ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።